መዝገብ ቤት የመጣ የፈረንጅ ቀን

አንዲት የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አሥር ሺህ ፋይል በልደት ቀን ተራ ደርድራ፣ ቀኑን ከነገሯት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ፋይሉን ታወጣለች።

አንድ ጠዋት ከውጭ አገር ሥልጠና የተመለሱት ኃላፊ፣ አቶ ይልቃል፣ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይዘው መጡና «ጃንዋሪ 19 ቀን 1990 የተወለደውን ሰው ፋይል አምጪ። የየፋይሉን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየቀየርሽ አመሳክሪ» አሏት።

«እሺ ጌታዬ» ብላ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀመረች። ፋይል ታወጣለች፣ በጣቷ ትቆጥራለች፣ ትመልሳለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበረች።

ኃላፊው ተቆጡ። «ፈጣን ናት ያሉኝ አንቺን ነው? በቀን የደረደርሽው ለጌጥ ነው እንዴ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላገኘሽው ከዚህ ትዛወሪያለሽ።»

ይኼኔ ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት ተቀበለቻቸውና ከሥሩ «ጥር 11 ቀን 1982፣ ጥምቀት» ብላ ጻፈች። በቀጥታ ወደ ሰባተኛው መደርደሪያ ሄዳ ፋይሉን አመጣችላቸው።

«የፋይሎቹን ቀን ቀይሪ አላልኩሽም?» አሉ አቶ ይልቃል፣ ፋይሉን እንደያዙ።

«ብለውኛል ጌታዬ» አለች። «ግን አንድ ፈረንጅ እንግዳ መጣ ተብሎ የከተማው ሰው ሁሉ ቋንቋውን ይማር አይባልም። ለእንግዳው አስተርጓሚ ይፈለግለታል እንጂ።»