በሠርግ ካሴት ውስጥ የተደበቀው ሐዲድ ባንድ

ተረት ተረት፣ የባቡር በረት።

ድሬዳዋ ውስጥ ሐዲድ የሚባል የሮክ ባንድ ነበረ። ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ ጊታራቸውን አስጩኸው፣ ባቡሩን እንኳን ያስቆሙ ነበር ይባላል። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምህረት የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ፤ በዚያው ተጣሉ፣ በዚያው ፈረሱ። ኮንሰርቱ በቪዲዮ ተቀርጿል ይባላል፤ ያየው ሰው ግን የለም። ወዳጆቻቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈለጉት። የእኛ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ደግሞ አንድ ዓመት።

እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ያንን ቪዲዮ ቅዳሜ ማየት። ለምን ቅዳሜ? ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ ስለተናገርኩ ነዋ። እኔ ራኬብ፣ ስሜ ሲጠራ አቤት ማለት የምፈራው፣ ዘንድሮ እንደምንም ወጥቼ ለወላጆች ቀን ሐዲድን እናሳያችኋለን አልኩ። ግቢው በሙሉ አጨበጨበ። ቅዳሜ ባዶ እጄን ከመጣሁ ግን ተመልሼ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ነኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስወጣኝም።

ካሴቱ የት እንዳለ አውቀናል። ኮንሰርቱን በቪዲዮ የቀረጸው ሰው አሁን ጅግጅጋ ነው የሚኖረው፤ ስንደውልለት ሳቀብን። የዚያን ቀን ባዶ ካሴት አልነበረኝም፣ ሠርግ ቀርጬ በተረፈው ላይ ቀጠልኩበት አለ። የማን ሠርግ ስንለው የምንትዋብ አለ። አገር ሁሉ ሐዲድ ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ሲፈልግ፣ ሐዲድ ለካ ሙሽራዋ ጋ ተቀምጧል።

ሰኞ እትዬ ምንትዋብ ጋ ሄድን፣ እኔና ጓደኛዬ ኢክራም። ኢክራም ማውራት ትችላለች፤ እኔ ከኋላዋ መቆም እችላለሁ። እትዬ ምንትዋብ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልላ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ሠርጓን እስከ ኬኩ ድረስ ታየዋለች፤ ከኬኩ በኋላ ያለውን አይታ አታውቅም። ውሰዱ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ዴክ፣ ይሄ ማጫወቻው፣ ካሴት ይበላል፣ የእህቴን ሠርግ በልቶታል፣ በደንብ ሲዞር በዓይኔ ካላየሁ አልሰጥም አለች። እንግዲህ ዴኩ ካልዞረ ካሴቱ አይወጣም፤ ካሴቱ ካልወጣ ሐዲድን አናይም።

ጋሽ ዑስማን ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ዴኩን አልጣለውም፤ አበባ ባለው ጨርቅ ሸፍኖታል። ግን ሲጫኑት ያቃስታል እንጂ አይዞርም። ቺንጊያው፣ ያቺ ውስጡ ያለችው ቀጭን ጎማ፣ በድሬ ሙቀት እንደ ማስቲካ ቀልጣለች። ሩፋኤል ይቀይርላችሁና ዴኩን ውሰዱ አለን። ሩፋኤል ካልሠራ ዴኩ አይዞርም፤ ዴኩ ካልዞረ ካሴቱ አይወጣም፤ ካሴቱ ካልወጣ ሐዲድን አናይም።

ራዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሩፋኤል ቺንጊያ በብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አለው። ዓይን የለውም እንጂ። አጨንቁሮ አየንና እኔን ኢክራም፣ ኢክራምን እኔ አደረገን። ለካ ጠዋት መነጽሩን ሲፈልግ ደክሞት ቁጭ ሲል የተቀመጠው መነጽሩ ላይ ነው። ወርቅ ሠሪው በድሩ ጋ ልኬዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር የሚበይድ እሱ ብቻ ነው አለ። በድሩ ካልበየደ መነጽር የለም፤ መነጽር ከሌለ ሩፋኤል አይሠራም፤ ሩፋኤል ካልሠራ ዴኩ አይዞርም፤ ዴኩ ካልዞረ ካሴቱ አይወጣም፤ ካሴቱ ካልወጣ ሐዲድን አናይም።

ጋሽ በድሩ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የሐዲድ ድራመር። ስንደርስ እሳቱን ለኩሶ፣ መነጽሩን በወረንጦ ይዞ ነበር። ዝም ብለን ብንቆም በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ማይክ ከያዝኩ ወዲህ አፌ ተከፍቷል። እኛ ድሬዎች ደግሞ አንቱ አናውቅም፤ ብንፈራም ብንወድም አንተ ነው የምንለው።

«ጋሽ በድሩ፣ አንተ ያለህበት ኮንሰርት ተገኘ እኮ» አልኩት።

እሳቱን አጠፋ።

«ሲራክም አለበት?»

አለበታ፣ የሐዲድ ጊታሪስት አይደል እንዴ። ጋሽ በድሩ መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈ። በዚያ ኮንሰርት፣ ሰው ሁሉ ባበደበት ዘፈን መሃል፣ ሲራክ ጊታሩን አቋርጦ ከመድረኩ ወረደ። በድሩ ብቻውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድራም ሲመታ ቀረ፣ ሰዉም ሳቀበት። ራሱ መጥቶ በይድ ካላለኝ እሳት አልለኩስም አለ። ኢክራም በክርኗ ጎሸመችኝ። እና ሲራክ ካልመጣ በድሩ አይበይድም፤ በድሩ ካልበየደ መነጽር የለም፤ መነጽር ከሌለ ሩፋኤል አይሠራም፤ ሩፋኤል ካልሠራ ዴኩ አይዞርም፤ ዴኩ ካልዞረ ካሴቱ አይወጣም፤ ካሴቱ ካልወጣ ሐዲድን አናይም።

ሐሙስ ኢክራም ከቤተሰቧ ጋር ሐረር ለቅሶ ሄደች። ሳቢያን ሰፈር፣ ጋሽ ሲራክ ቤት፣ ብቻዬን ሄድኩ። እኔ ስፈራ ጉልበቴ ይቆለፋል። ሰልፍ ላይም ከማይኩ ፊት ቶሎ ዞር ያላልኩት ለዚያ ነው፤ ሰዉ ድፍረት መስሎት አጨበጨበ እንጂ።

ጋሽ ሲራክ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ጥፍሩን አሁንም እንደ ጊታሪስት ያሳደገ ሰው ነው። ቁጭ በይ አለኝ። ቆምኩ። ወንበሩ ንጹሕ ነው አለኝ። ቆምኩ። ሚስቱ ውኃ አመጣችልኝ፤ ብርጭቆውን ይዤ፣ ሳልጠጣ፣ ቆምኩ። ከየት ነው የመጣሽው ሲለኝ ጋሽ በድሩ ጋ ነበርኩ አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፄ አልወጣም።

ጋሽ ሲራክ ፊቱ ተለወጠ። ታውቃላችሁ፣ ለእርቅ የተላከ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ስጠብቅ» አለ፣ «ጺም ያለው መስሎኝ ነበር የሚልክብኝ።»

ዝም ብል ያልቅልኝ ነበር። ግን አንዴ ያለ ቦታው አውርቼ መነጽር አስቆልፌያለሁ፤ አሁን ደግሞ ያለ ቦታው ዝም ልል አልፈለግኩም።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ አይደለሁም። ፈርቼ ነው የቆምኩት።»

መጀመሪያ አየኝ። ቀጥሎ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ሽማግሌም እኮ ፈርቶ ነው የሚቆመው። በይ ጉዳይሽን ተናገሪ።»

ተናገርኩ። አንተ ካልመጣህ በድሩ አይበይድም፤ በድሩ ካልበየደ መነጽር የለም፤ መነጽር ከሌለ ሩፋኤል አይሠራም፤ ሩፋኤል ካልሠራ ዴኩ አይዞርም፤ ዴኩ ካልዞረ ካሴቱ አይወጣም፤ ካሴቱ ካልወጣ ሐዲድን አናይም፤ ሐዲድን ካላየን ቅዳሜ እኔ አለቀልኝ። በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። እሱ በጣቱ ወንበሩ ላይ ምት ይመታልኝ ነበር።

እኔ ትቼው አልሄድኩም አለኝ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ። አንድ ነገር ጊታሬን ይዞ ጎተተኝ፤ መብራቱ ዓይኔ ላይ ስለነበር ምን እንደሆነ አላየሁም፤ ይህንን ለበድሩ ብነግረው ውሸታም አለኝ።

ወርቅ ቤቱ በር ላይ ሁለቱ ሽማግሎች ተፋጠጡ። እኔ መሃል ላይ ቆምኩ፤ ውኃው ሳላውቀው አሁንም እጄ ላይ ነው።

«በድሩ» አለ ጋሽ ሲራክ፣ «ይህቺ ልጅ እንድትቀመጥ መነጽሩን በይድ።»

ጋሽ በድሩ መሳቢያውን ከፈተ። ከዚያ ክብሪት ፈለገ።

በቃ። ሲራክ መጣ፣ በድሩ በየደ፤ በድሩ በየደ፣ መነጽሩ ዳነ፤ መነጽሩ ዳነ፣ ሩፋኤል ሠራ፤ ሩፋኤል ሠራ፣ ዴኩ ዞረ፤ ዴኩ ዞረ፣ ካሴቱ ከነነጠላው ወጣ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እትዬ ምንትዋብ ካሴቷን ለመጠበቅ ዴኩ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሽ በድሩና ጋሽ ሲራክ አንድ አግዳሚ ላይ ናቸው፤ መሃላቸው ግን ሁለት ሰው ያስቀምጣል። እኔ ማይክ ይዤ፣ እንደ ልማዴ፣ ቆሜያለሁ። ሠርጉ አለፈ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ምስሉ ዥው አለና ሐዲድ መጣ። ጊታሩ ሲጮህ ሐዲድን ሲፈልጉ የኖሩት ሁሉ ብድግ አሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ወንበር ላይ ወጥቶ ልጆቹ አወረዱት።

ከዚያ ያቺ ዘፈን ደረሰች። ሙሽራዋ ከነሚዜዎቿ መድረኩ ሥር ትጨፍራለች፤ ለካ ሠርገኛው በሙሉ ኮንሰርት ገብቷል። ረጅሙ ዓይነ ርግቧ ተወንጭፎ የጊታሩ ጫፍ ላይ ተጠመጠመ። ሙሽራዋ ወደ ሚዜዎቿ ሮጠች። ሙሽራዋ ዓይነ ርግቡን ጎተተች፤ ዓይነ ርግቡ ጊታሩን ጎተተ፤ ጊታሩ ሲራክን ጎተተ፤ ሲራክ ከመድረክ ወረደ። በድሩ ዓይኑን ጨፍኖ ድራሙን ይቀጠቅጣል።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እትዬ ምንትዋብ ዞረ።

«እኔ እኮ» አለች እትዬ ምንትዋብ፣ «የሚጎትተኝ ባሌ መስሎኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ጋሽ በድሩ ነው። ሲስቅ እንባውን ጠረገ፤ ሲጠርግ ተንሸራተተ፤ ሲንሸራተት ጋሽ ሲራክ ጎን ደረሰ። መልሱት፣ ከጊታሩ ጀምሮ መልሱት አለ። ጋሽ ሲራክ ሸሸት ብሎ በመሃላቸው ቦታ አበጀና ወደ እኔ ዞረ።

«ሽማግሌዋ፣ እሺ ብለናል።»

ሄጄ በሁለቱ መሃል ቁጭ አልኩ።

ካሴቱን መልሱ፣ አቧራውን አብሱ።