ድንጋይ ነክሶ ወንዝ የገባው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ የዱር አራዊት ሁሉ ለአንድ ንጉሥ በሚገዙበት ዘመን፣ አያ አንበሶ ሦስት ጦር አቋቋመ። የምድሩን ለአያ ጅቦ፣ የወንዙን ለአያ ጉማሬ፣ የአየሩን ለጭልፊት ሰጠ። ሕጉ አጭር ነበር፤ በጦሩ ውስጥ ማንም ጓዱን አይበላም፣ ሥልጠናውን የጨረሰ ሁሉ እኩል ቀለብ ያገኛል።

ሥልጠናው ግን እንደየጦሩ ይለያያል። የምድር ምልምሎች ድንጋይ በአፋቸው ነክሰው ኮረብታ ይወጣሉ፤ ድንጋዩን የጣለ ወደቀ ይባላል። የወንዝ ምልምሎች ትንፋሻቸውን ይዘው ውኃ ሥር ይቆያሉ። የአየር ምልምሎች ነፋስ ላይ ተንሳፍፈው፣ ሣር ውስጥ የምትሮጥ አይጥ ይፈልጋሉ።

አያ ጅቦ ኮረብታውን በወጣ ቁጥር ዓይኑ መንገዱ ላይ አልነበረም። ወደ ታች ሲያይ ጉማሬ ውኃው ውስጥ ተጋድሟል። ወደ ላይ ሲያይ ጭልፊት ክንፉን እንኳ አያንቀሳቅስም። ይቀናባቸዋል።

አንድ ቀን ድንጋዩን እግሩ ሥር አስቀመጠ። አዛዥ ነውና ማንም አልጠየቀውም። ከኋላው ለምትከተለው ለእመት አህያም እንዲህ አላት፦

«ይታይሽ! አንዱ ተኝቶ ይበላል፣ አንዱ ተንሳፍፎ ይበላል። የእኛ ጥርስ ብቻ ይርገፍ?»

እመት አህያ አፏ በድንጋይ ስለተያዘ ራሷን ነቀነቀች። አያ ጅቦ ወፍራም ጭኗን አየት አደረገና ምራቁን ዋጠ። ሕግ ሕግ ነው።

በዚያው ሰሞን አያ አንበሶ ከሦስቱ አዛዦች አንዱን የጦሩ ሁሉ የበላይ ሊያደርግ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ቀለቡ እንኳ አልጣፍጥ አለው። በማግሥቱ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«ጃንሆይ፣ ፍትሕ ጎድሏል! ቀለቡ አንድ ከሆነ ሥልጠናውም አንድ ይሁን። ሁሉም ድንጋይ ነክሶ ኮረብታ ይውጣ!»

«የእኛንስ ማን ይሞክረው?» አለ ጉማሬ።

«መተኛት ማን ያቅተዋል፣ ወንድሜ?»

አያ አንበሶ ወደ አማካሪው ወደ እመት ቀበሮ ዞረ። እመት ቀበሮ ጅራቷን አስተካክላ ተቀመጠች።

«አያ ጅቦ እውነቱን ነው፣ ጃንሆይ። ወንፊቱ አንድ ይሁን። ሦስቱ አዛዦች ሦስቱንም ፈተና ይሞክሩ። ሁሉንም ያለፈ የበላይ ይሁን።»

አያ ጅቦ በደስታ እስኪንዘፈዘፍ ሳቀ። ሹመቱን ያገኘ መሰለው።

ፈተናው በኮረብታው ተጀመረ። ጭልፊት ድንጋዩን በጥፍሩ ቢታገል፣ ቢታገል ከመሬት አልነሣ አለው። ጉማሬ እስከ ግማሽ ወጥቶ ፀሐይ ቆዳውን ስትሰነጥቀው ወደ ውኃው ዳር ተመለሰና ተዘረረ። አያ ጅቦ ብቻ ጫፉ ላይ ደርሶ፣ ድንጋዩን እንደነከሰ ወረደ።

ቀጣዩ ወንዙ ነበር።

«ድንጋዩን አስቀምጥ እንጂ፣ አያ ጅቦ!» አለች ቀበሮ።

አያ ጅቦ ግን ጭልፊትን ሰረቅ አድርጎ አየው። «ካስቀመጥኩት ያነሣውና እኔ ነኝ የወጣሁት ይላል» ብሎ አሰበ። ጥርሱን ይበልጥ አጠበቀ።

«ዘመድህ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አንተ ደግሞ በማታውቀው ወንዝ ድንጋይ ይዘህ ትገባለህ?» አለችው ቀበሮ።

ገባ። ድንጋዩም ወደ ጥልቁ ይዞት ወረደ። ውኃው ላይ አረፋ ብቻ ቀረ።

«አቤት ትንፋሽ!» አሉ ዳር ቆመው የሚያዩት ምልምሎች እየተደነቁ።

ጉማሬ ራሱን ቀና አደረገ። «ከእኔም ሊበልጥ ነው እንዴ?» አለና ተከዘ። ጭልፊት ግን ከላይ ሆኖ የአያ ጅቦ እግሮች ሲፈራገጡ አየ። መጀመሪያ ክንፉን ዘርግቶ መዞሩን ቀጠለ። አያ ጅቦ ሹመቱን ቢያጣ አይጠላም ነበር። አረፋው ሲያንስ ግን አላስቻለውም።

«እየሰመጠ ነው!»

«አውጡታ!» ጮኸች ቀበሮ።

«እኔ የተማርኩት ማየት ነው» አለ ጭልፊት።

«እኛም ውኃ ሥር መቆየት እንጂ ጓድ ማውጣት አልተማርንም» አለ ጉማሬ።

ምልምሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያን ጊዜ እመት አህያ ከሥልጠናው ጀምራ የነከሰችውን ድንጋይ ጣለች። እስከ ደረቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ጀርባዋን ወደ ጥልቁ አዞረችና ጭራዋን ዘረጋች።

«እኔም አልተማርኩም» አለች። «የት እንዳለ ንገሩኝ!»

«ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ኋላ!» አለ ጭልፊት ዝቅ ብሎ እየበረረ። ጉማሬም አፍሮ ጠለቀና አያ ጅቦን ከሥር በአፍንጫው ገፋው። የአያ ጅቦ ራስ ብቅ አለ፣ ድንጋዩም አፉ ውስጥ።

«ጣለውና ጭራዋን ንከስ!» አለችው ቀበሮ ከዳር።

አያ ጅቦ ዓይኑን ወደ ጭልፊት አዞረ።

«አልወስድብህም!» ጮኸ ጭልፊት። «ማንሣቱንስ መቼ ቻልኩ!»

ድንጋዩ ወደቀ። አያ ጅቦ ጭራዋን ነከሰ። የጅብ ጥርስ ሲያርፍባት እመት አህያን ከእናት ከአያቷ የወረሰችው ፍርሃት ሁሉ «ተራገጪና አምልጪ» አላት። አልተራገጠችም። ጎተተች፣ እስከ ዳር ድረስ።

አያ አንበሶም ፈረደ።

«ጭልፊት ድንጋይ አይሸከምም፣ ጅብም ውኃ ሥር አይቀመጥም። እያንዳንዱ የራሱን ይማር። የወደቀ ጓድን ማውጣት ግን ሦስቱም ጦር ከሁሉ በፊት ይማራል። የምታስተምረውም እመት አህያ ናት። የበላይ አዛዥ ግን ዛሬ አላየሁም።»

ምልምሎቹ ሁሉ አህያን ከበው አመሰገኗት። አያ ጅቦ ውኃውን ከፀጉሩ እያራገፈ ከሩቅ ተመለከታቸው።

«እኔ ባልሰምጥ ኖሮ» አለ እያጉረመረመ፣ «ይህን ሁሉ ምስጋና ከየት ታገኘው ነበር?»

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላው ሥራ ቀላል የሚመስለው ከሩቅ ለሚያይ ቅናተኛ ብቻ መሆኑን፣ በአንድ ዓላማ ሥር የተሰለፉም ሸክማቸው ቢለያይ እንኳ የወደቀ ጓድን ማንሣት ሁሉም እኩል ሊማሩት የሚገባ የመጀመሪያ ትምህርት መሆኑን ነው።