ሰባት ቤት የተቆጠረለት ፈረስ

አያ ደርሰህን የማያውቅ ሰው ስለ እሱ ሲወራ ተጋነነ ይላል። እኔም በዓይኔ አላየሁትም። ግን የአገሩ ሽማግሌዎች እየማሉ ሲያወሩ ስለሰማሁ አምናለሁ፤ ያላመነ ይተወው።

አሮጌ ፈረሱ ሞተበትና ሌላ ሊገዛ ገበያ ወጣ። ሌላው ሰው የፈረስ ጥርስ ያያል፣ ኮቴ ያነሳል። እሱ ግን ለጋብቻ ዘር እንደሚያጣራ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ፣ እናቱ የማን ልጅ ናት፣ አያቱስ በምን ሞተች፣ በዘራቸው ዓይኑ የጠፋ አለ ወይ እያለ ሰባት ቤት ያስቆጥር ጀመር። ነጋዴው ሦስተኛው ቤት ላይ ትዕግሥቱ አለቀና፣ ልትጋልበው ነው ወይስ ልታገባው አለው።

«ሚስቴ ብትደናቀፍ የምትወድቀው እሷ ናት፤ ይኼ ቢደናቀፍ የምወድቀው እኔ ነኝ።»

ሳይገዛ ተመለሰ፤ ወሬውም ከአገሩ ጌታ ከፊታውራሪ ይርዳው ጆሮ ደረሰ። እሳቸው ደግሞ ከቤት ሊያስወጡት የቸኮሉ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። መልኩ ያማረ ነው፤ ግን እናቱም አያቱም ሲያረጁ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ገደል ገብተዋል። በሁለቱ በሬዎችህ ውሰደው አሉት። አያ ደርሰህ ከእነዚያ በሬዎች ሌላ ጥሪት የለውም፤ የጌታን ፈረስ እንቢ ማለትም ቀላል አይደለም። እንግዲያው ዘመዶቹን ልያቸው አለ። ፊታውራሪ ኮራ ብለው የፈረሱን አክስትና አጎት ግቢው ውስጥ አስቆሙ። አክስቲቱ ቀጥ ብላ ሄዳ ከአጥሩ ጋር ተላተመች። አጎትየው የፊታውራሪን ጋቢ ሣር መስሎት ያኝክ ጀመር። ፊታውራሪ ምንም ሳያፍሩ፣ ፍቅሩ ነው፣ ዘሩ ሰው ይወዳል አሉ።

«ለካ አክስትየዋም አጥሩን ልትስም ኖሯል የሄደችው» ብሎ አያ ደርሰህ ፈረሱን አልወስድም አለ።

ፊታውራሪ ተደፈርኩ ብለው ዳኛ ፊት አቆሙት። ዳኛው የፊታውራሪን ጠጅ የሚጠጡ ሰው ናቸው። አያ ደርሰህ የፈረሱ እናትም አያትም ታውረው ገደል መግባታቸውን አገር ያውቃል ብሎ ተከራከረ። ግን በሬዎቹ ከእጁ ሲወጡ ታየውና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራ። ዳኛው ፈረሱን አስመጥተው ዓይኑ ፊት የዝንብ ጭራቸውን ወዘወዙ፤ ፈረሱ ደነበረ። ያያል ማለት ነው።

«እናቱ ብትታወር እሱ ምን አገባው?» አሉ ዳኛው። «የወላጅ ነገር ለልጅ አይተላለፍም። በሬዎቹን አስረክብ።»

አያ ደርሰህ እጅ ነሳ።

«ይህንኑ ፍርድ ሕዝቡ እየሰማ ይድገሙልኝ ጌታዬ፤ ፈረሱን እወስዳለሁ። የወላጅ ነገር ለልጅ የማይተላለፍ ከሆነ፣ ፊታውራሪ ከአባቴ ወረስኩት የሚሉትን ርስት ነገ በዚሁ ፈረስ ተቀምጬ ልካፈል እመጣለሁ።»