አረም የተባለው የባሕር ሣር

ጠጋ በሉ፣ ተረት ልጀምር ነው። ከኋላ ያላችሁ፣ ወሬውን ተዉት!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ እመት ዓሣ እንቁላሎቿን የባሕር ሣር ላይ አጣብቃ ትጠብቅ ነበር። ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል።

ታዲያ አያ ሸርጣን ከየብስ መጣ። ከገበሬ ማሳ አጠገብ ከርሞ አረም ሲታረም አይቷል፤ በቃ፣ ሊቅ ነኝ ባይ ሆኗል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"የባሕር አረም ይሉታል" አለች እመት ዓሣ። ምነው አፏን በያዘው!

"አረም? አረም እኮ ይነቀላል!" አለና ሸርጣኖችን ለደቦ ጠራ።

በመጀመሪያው ቀን የዳር ዳሩን ነቀሉት። እመት ፍየል ከባሕሩ ጠርዝ ሆና ጮኸች፦ "ተው አያ ሸርጣን! እንቅርቴ የጠፋልኝ እሱን በልቼ ነው!" አልሰማትም።

በሁለተኛው ቀን የመሃሉን ነቀሉት። ውኃው ደፈረሰ። "ኧረ ትንፋሽ አጠረኝ! ውኃውን የሚያጠራልን እሱ ነው፣ ተው!" አለች እመት ዓሣ።

"ቻይው፤ እርሻ ያለ አቧራ የለም" አላት።

በሦስተኛው ቀን አንድ ዘለላ ብቻ ቀረ፤ እንቁላሎቹ ያሉበት። አያ ሸርጣን ጉጠቱን ከፍቶ መጣ።

"ዞር በይ፣ ልጨርስበት።"

"ልጆቼ ናቸው፤ አልነሣም!" ፈርታለች፤ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ይሄኔ ማዕበል ከሩቅ አገሳ፦ "መንገዱን ማን ጠረገልኝ? ያ ሣር እየያዘ ያደክመኝ ነበር። መጣሁ!"

ደቦው ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። አያ ሸርጣንን ማዕበሉ አነሳው።

"እመት ዓሣ! ምን ልያዝ?"

"አረሙን ያዝ!"

ሊቆርጥበት በከፈተው ጉጠት ሙጭጭ አለ። ማዕበሉ ጎተተው፣ አናወጠው፤ ሣሩ ግን ድንጋዩን እንደጨበጠ አልለቀቀም። እመት ዓሣ እንቁላሎቿን በሰውነቷ ሸፍና ጠበቀች።

ማዕበሉ ሲያልፍ አንዲት ቅንጣት ጭራ ከሣሩ መሃል ተወዛወዘች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እመት ዓሣ አለቀሰች።

"አያ ሸርጣን፣ እህሳ፣ ታረመልህ?"

"ታረመ እመቴ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "የታረምኩት ግን እኔ ነኝ።"

እናንተም ስሙን ሰምታችሁ ከመንቀላችሁ በፊት፣ ማንን ይዞ እንደቆመ እዩ። እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያድርስ።