የውሃ አባቱ ምሳውን የት ይበላ ነበር?

፦ ተረት ተረት!
፦ ጆሯችን ክፍት!

በድሮ ዘመን እንጉዳይ የምትባል ሴት ሽንኩርቷን ስትኮተኩት መርዶ ደረሳት። ባሏ ባይለየኝ ቦዩን ሲጠግን ገደል ተናደበትና ሞተ። ባይለየኝ የውሃ አባት ነበር። ከወንዙ የተጠለፈውን ውሃ ለየእርሻው በተራ የሚያከፋፍል ሹም ማለት ነው።

ተለቀሰ። ሰልስቱም ወጣ። እንጉዳይን ግን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። ባሏ እንጀራውን በጨርቅ ቋጥሮ ይወጣ ነበር እንጂ ምሳውን አንድም ቀን ቤቱ በልቶ አያውቅም። የት ነበር የሚበላው?

ከዚያም አገሬው ሹም ሊመርጥ ተሰበሰበ። እርሻው ከቦዩ አፍ ያለው ደምለው ተነሳና፣
፦ ለእኔ ይገባል። ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው፣ አለ።
ሽማግሌዎቹ ግን፣
፦ ዓመቱ እስኪያልቅ ሚስቱ ትያዘው፣ አሉ።
፦ እንግዲህ የውሃ እናት ልንል ነዋ! ብሎ ሳቀ ደምለው።
፦ አንተ ስም ስታወጣ ውሃው እንዳያመልጥህ፣ አለችው እንጉዳይ።

እንጉዳይም እንደ ድሮ ሹሞች ከቦዩ አፍ፣ ከሾላው ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሰው እጅ ይነሳታል። ደምለው እርጎ ያመጣላታል። ውሃው ሙሉ ነው። ደስ አላት። በአምስተኛው ቀን ግን፣ «ያ ሰው ይህን ጥላ ትቶ የት ይሄድ ነበር?» አለችና ቦዩን ተከትላ ወረደች።

ወረደች፣ ወረደች። ውሃው ቀጠነ። ከዚያም ጭቃ ሆነ። ከዚያም አቧራ ሆነ። በቦዩ ጅራት አያ ንጋቱ የሚባሉ ሽማግሌ ከጠወለገ ገብሳቸው ዳር ተቀምጠዋል።

፦ አያ ንጋቱ፣ ውሃ አልደረሰዎትም እንዴ?
፦ ባልሽ ከሞተ ወዲህ አላየሁትም፣ ልጄ። እሱ እዚህ ምሳውን እየበላ ይጠብቀው ነበር። ሲዘገይ ሽቅብ ወጥቶ ያስቀረውን ሰው ይፈልጋል።
፦ ከላይ ሆኖ ቢጠብቅ ምን ነበረበት?
፦ እኔም ጠይቄው ነበር። «እዚህ ከደረሰ ሁሉም ጠጥቷል ማለት ነው» አለኝ። አሁን ሦስት ቀን ከቆየ ገብሱ አለቀ። የልጅ ልጆቼን ይዤ መሰደዴ ነው።

እንጉዳይ እየሮጠች ተመለሰች። ለካስ ደምለው ከሾላው ዝቅ ብሎ፣ ሳር በጋረደው ቦታ ቦዩን ሰብሮ ውሃውን ወደ ሳሩ ለቆታል።
፦ ደምለው! ሳርህን ዋና ልታስተምር ነው?
፦ ለላሜ ነው። እርጎዋን ስትጠጪ መቼ ጠየቅሽ?
እንጉዳይ አፈረች።
፦ እውነትህን ነው። የሽማግሌውን ገብስ ነው የጠጣሁት፣ አለች።

አካፋ አነሳችና የተሰበረውን ደፈነች። ከዚያም አገሬውን ጠራችና፣
፦ ከዛሬ ጀምሮ ተራው ከጅራቱ ይነሳል። አያ ንጋቱ ሳይጠጡ ማንም አይጠጣም፣ ብላ አዘዘች።

ደምለው አጉረመረመ። ግን የእሱ ተራ ቶሎ እንዲመጣ ውሃው ቶሎ መውረድ አለበት። ስለዚህ እየተሳደበ ቦዩን እስከ ታች ጠረገው። በሦስተኛው ቀን ውሃው ገብሱ ውስጥ ገባ። አያ ንጋቱ ለስደት የጠቀለሉትን ቁርበት ዘረጉና፣
፦ አረፍ በል፣ ደምለው፤ ደክሞሃል፣ አሉት።

እናንተም የሰማችሁ፣ ለባይለየኝ ነፍስ ይማር በሉልኝ፤ ለእኔም ለተረቴ እፍኝ ቆሎ ዝገኑልኝ።