ቀኛዝማች «በላ»ን ያሰሩበት አዋጅ

አማርኛ ሊማር ከስፔን አገር የመጣ አንድ እንግዳ፣ ቀኛዝማች ጓንጉል ቤት ተቀምጦ «በላ» በምትባል ቃል የተነሣ ሊያብድ ደረሰ። «እንጀራ በላ» ሲሉት ደስ ብሎት ጻፈ። ቀጥለው «ማረሻውን ዝገት በላው፣ ሸማውን ብል በላው፣ ጀርባዬን በላኝ» ሲሉት ግን ደብተሩ አለቀና የቀኛዝማችን በር እስከ ጉበኑ ጽፎ ሞላው።

ቀኛዝማችም በእንግዳቸው ፊት ሊቅ መስለው ለመታየት አዋጅ አስነገሩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በላ ማለት በአፍ ገብቶ ሆድ ውስጥ ማደር ብቻ ነው! ሌላ ፍቺ የሰጠ አርባ ይገረፋል!»

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ባልቴት ገበያ መሀል «ቀኛዝማች የጌሾ ማሳዬን በሉብኝ» ስትል ተያዘች። እውነቷን ነው፤ ነጥቀው አጥረውታል፤ ከዚያ ሌላ ስንዝር መሬት የላትም።

«አንቺ ምላሰኛ!» አሉ ቀኛዝማች፣ እንግዳውን በጎን እያዩ። «ወይ ‹ማሳዬን አልበሉም› ብለሽ በአደባባይ ማይ፣ ወይ ጀርባሽን አዘጋጂ!»

ባልቴቲቱ ጅራፉን አየችው፤ ቀጥላም የቀኛዝማችን ቦርጭ አየችው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ምን ቆርጦኝ አዋጅዎን እጥሳለሁ! በድሮው በላ ቢሆንማ፣ ጌታ የበላው መሬት መቼ ይመለሳል ብዬ ቁርጤን ዐውቄ ዝም እል ነበር። በአዲሱ ግን በአፍ የገባ ነገር በማግስቱ መውጣቱ አይቀርም ብዬ፣ ይኸው በየማለዳው ከጓሮዎ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነው። ምነው ጌታዬ፣ ድርቀት ያዘዎት እንዴ?»