የእመት ጃርት ድሪቶ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ ጆሯችሁን አውሱኝ።

በአንድ አገር እጇ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ እመት ጃርት ነበረች። መንገደኛ ቁጥቋጦ ላይ የሚያስቀረውን ብጣሽ ጨርቅ ትለቅምና፣ ከገዛ ጀርባዋ እሾህ ነቅላ መርፌ አድርጋ፣ ለወዳጅ ለዘመዱ ሁሉ ድሪቶ ትሰፋለች። ለራሷ ግን “ለከርሞ ይደርሳል” እያለች አንድም አልሰፋችም።

አንድ ክረምት ጎርፍ ጉድጓዷን ሞላባትና፣ ውኃ እየተንጠባጠበባት ወደ ወዳጇ ወደ እመት ሽኮኮ ዋሻ ሄደች። ሽኮኮ ክብር ወዳድ ናት። ጃርት የሰጠቻት ድሪቶ እንደተጣጠፈ መደቡ ላይ ተቀምጧል።

“በርዶኛልና እሱን ድሪቶ ጣል አድርጊብኝ” አለች ጃርት።

“እሱማ የእንግዳ ነው።”

“ታዲያ እኔስ?”

“አንቺማ ቤተኛ ነሽ! ቤተኛ እንግዳ ሲሆን የት አየሽ?”

ጃርትም ሲያስቡት ክብር ነው ብላ ጥጓን ይዛ ተቀመጠች።

ጥቂት እንደቆየች፣ ሁለቱም አይተውት የማያውቁት አያ ድኩላ ዝናብ ልጠለል ብሎ ገባ። ሽኮኮ ብድግ ብላ ድሪቶውን ደረበችለት። ድኩላ ችኩል ነበርና ወደ ራሱ ሲጎትተው ቀንዱ ያዘውና ስፌቱ ተተረተረ።

“ወይ ጉድ፣ ቀደድኩት!”

“ግድ የለም” አለች ሽኮኮ።

ጃርት ብርዱ ጥርሷን እያንገጫገጨው ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለችና፣ ድኩላ እንደለበሰው ትሰፋው ጀመር።

“አላልኩሽም?” አለች ሽኮኮ ደስ ብሏት። “እንግዳ ብትሆኚ ትሰፊ ነበር?”

ተረቴን ቋጨሁ፤ የበረደው ይልበሰው።